«አይሠራም» የተባሉት 22 ኮምፒውተሮች

ሰኞ፣ ጥቅምት 10/2018

ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የንብረት ክፍሉ የጓሮ መጋዘን ዛሬ ተከፈተልን። ውስጡ 22 ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተደራርቦ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፤ «አይሠራም»።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ «ቲቸር፣ እነዚህ እኮ የሞቱ ናቸው። የሚወገዱበትን ቀን ነው የሚጠብቁት» አሉኝ።

«እትዬ፣ ከመቀበራቸው በፊት አንዴ እንያቸው» አልኳቸው። ሳቁ። አስፈርመው አስረከቡኝ።

እዚህ ጅማ የማሠለጥናቸው የሃርድዌርና ኔትወርክ ልጆች ዘንድሮ 24 ናቸው። ሌቭል 3። እስካሁን ኮምፒውተር ሲፈታ ያዩት በአብዛኛው በፕሮጀክተር ነው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። የብሎን ጥብቀት በስዕል አይታወቅም። የብቃት ምዘናው ቀን መዛኙ ፊት ቆመው በእጃቸው መሥራት አለባቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው ስንት ዓመት አጠራቅሞ የገዛውን ዕቃ አምኖ ይሰጣቸዋል።

ዕቅዱ አጭር ነው። ከ22ቱ የሚነሳውን እናስነሳለን። የተነሳውን በአንድ ክፍል ውስጥ በኔትወርክ እናያይዛለን። ሥራው የልጆቹ ነው። እኔ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ።

አንድ ደንብ ብቻ አወጣሁ። ለየቡድኑ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ተሰጠ። ገጹ ለሦስት ይሰመራል፦ ምን ታየ? ምን ተለካ? ምን ተገኘ? የመጀመሪያው ሳይሞላ ካቻቢቴ አይነሳም። «አይሠራም» የሚለው ቃል ደብተሩ ውስጥ አይገባም። ያ የባለቤቱ ቃል ነው። ባለሙያ «ሲበራ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው» ብሎ ይጽፋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ቀኑን ሙሉ አቧራ ስናራግፍ ዋልን። ማሽኖቹን በረንዳ ላይ ደርድረን በብሩሽና በብሎወር አጸዳናቸው። ከአንዱ ኬዝ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ወጣ። የተበጣጠሰ የፈተና ወረቀት ነው ያነጠፈችው።

ከመክፈታችን በፊት ሁሉም ከሶኬት ተነቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ። ውስጥ የቀረው ኃይል በዚያ ይወጣል። ፓወር ሰፕላዩን፣ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ግን ማንም አይከፍትም። ከግድግዳ ተነቅሎም ቢሆን የውስጡ ካፓሲተር ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ሶኬታችን ላይ ያለው 220 ቮልት ነው።

አንድ ልጅ ብሎወሩን ፋኑ ላይ ደግኖ እንደ ጄት ሲያስጮኸው አስቆምኩት። ፋን በኃይል ሲሽከረከር እሱ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ክፍሎች ወደሚሰኩበት ዋና ቦርድ፣ መልሶ ሊልክ ይችላል። በጣት ወይም በእርሳስ ያዝ አድርጎ ነው መንፋት። ልጁ ይህን ደብተሩ ላይ ጽፎ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነበር።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ያ እርጥበት ለቡናችን ሕይወት ነው። ተዘግቶ ለከረመ ኮምፒውተር ግን ጠላት ነው። የራሞቹን፣ ማሽኑ ሲሠራ ጊዜያዊ መረጃ የሚይዝባቸውን ካርዶች፣ ወርቃማ ጥርሶች ወደ መስኮት አዙረን ስናይ ደብዝዘዋል። አንዳንዶቹ ላይ ቡናማ ነጥብ ነጥብ አለባቸው።

መድኃኒቱ የተማሪ ላጲስ ነው። ራሙን ከጠርዙ ይዞ ጥርሶቹን ቀስ ብሎ በላጲስ ማሸት። ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ። ቦታው መልሶ ሁለቱም ጎን ቀጭ እስኪል መጫን። ይህን ብቻ አድርገን 7 ማሽን ተነሳ። ሰባት! የመጀመሪያው ስክሪን ቦግ ሲል የክፍሉን ጩኸት የሰሙ ከጎረቤት ክፍል መጥተው በር ላይ ቆሙ።

ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ለብቻው ተፈተነ። ከማዘርቦርዱ ነቅለን፣ ትልቁ ሶኬት ላይ ያለውን አረንጓዴ ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ እናገናኛለን። ፋኑ ከተነሳ መለካት ነው። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3። ከዚያ 5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይፈቀዳል። ስለዚህ 12 የሚባለው ከ11.4 በታች ከወረደ አይታመንም። ልጆቹ ይህን ስሌት ራሳቸው ሠርተው ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

ከአራቱ የተቃጠሉ ፓወር ሰፕላዮች የአንዱ ምክንያት ጀርባው ላይ ተገኘ። ትንሿ ቀይ መቀየሪያ 115 ላይ ናት። አንድ ሰው አንድ ቀን ወደ 115 ገፍቷት፣ 220 ላይ ሰክቶታል። በቃ።

አንዱ ማሽን ደግሞ ተነስቶ ኢንተርኔት አልከፍትም አለ። ሁሉም ድረ ገጽ «ደኅንነቱ አይታመንም» ይላል። ልጆቹ ወዲያው ኬብሉን ጠረጠሩ። «ሰዓቱን እዩ» አልኳቸው። ኮምፒውተሩ ራሱን ከዓመታት በፊት ባለ ቀን ላይ አስቀምጧል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የ3 ቮልት የሳንቲም ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ አልቃለች። ቀኑ ከተሳሳተ ማሽኑ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ምስክር ወረቀት አይቀበልም፤ ጊዜው ገና ነው ወይም አልፏል ብሎ ያስባል። ባትሪዋ ተቀየረች፤ ኢንተርኔቱ ተከፈተ።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ቆጠራ። ደብተሮቹን ሰብስበን ሰሌዳ ላይ ደመርናቸው። 7 የራም ንክኪ። 5 የሞተ ሃርድ ዲስክ። 4 ፓወር ሰፕላይ። 2 ማዘርቦርድ፤ የካፓሲተሮቹ ራስ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። 1 የማብሪያ ቁልፍ። ቀሪዎቹ 3 ግን ምንም የላቸውም! አንዱ የስክሪኑ ገመድ የተሳሳተ ቦታ ተሰክቶ ነበር። ሁለቱ ሶፍትዌር ብቻ ነው የጎደላቸው። ሦስት ጤነኛ ማሽን «አይሠራም» ተብሎ ጨለማ ቤት ተቀምጦ ኖሯል። ይህን ሳስብ ሆዴ ይቃጠላል።

ከዚያ መበደር ጀመርን። ማዘርቦርዳቸው የሄደው ሁለቱ ፓወር ሰፕላያቸውንና ዲስካቸውን ለሌሎች ሰጡ። ፓወር ሰፕላይ ካጡት መካከል የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ዲስካቸውን ሰጡ። ማታ 11 ሰዓት ላይ 17 ማሽን በርቶ ነበር። 5ቱ ለመፍታትና ለመግጠም መለማመጃ ይቀራሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ምን እንጫንባቸው? ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ መፍጀትም ነበረበት።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በዚሁ ወር፣ ጥቅምት 4 ቀን አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእኛዎቹ አይችሉም። ስለዚህ 9ኙ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንን። 8ቱ ላይ ዊንዶውስ 10 ትተናል። ምክንያቱም ነገ ሱቅ ሲገቡ ደንበኛ ይዞላቸው የሚመጣው እሱን ነው። እነዚህ 8ቱ ግን ከውጭ ኢንተርኔት ጋር አይገናኙም፤ እርስ በርሳቸው ብቻ።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ፣ ሶፍትዌር ከፍላሽ መጫን በዚህ ክፍል የለም። የብዙ ቫይረስ መግቢያው እሱ ነው። አንዱ ሰልጣኝ «ቲቸር፣ ውጭ ሁሉም የሚያደርገው ይሄንን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለዚህም ነው እዚህ ሌላ መንገድ እንዲያዩ የምፈልገው።

አንድ ነገር ልጻፍ። እናቴ ከማረፏ በፊት የተነሳችው ፎቶ ሁሉ አንድ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ላፕቶፑ ቀስ አለብኝና ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። በማግስቱ «አዲስ አድርገንልሃል» ብለው ሰጡኝ። ፎርማት አድርገውታል። ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማስተምረው ሁሉ ቅድሚያ የምነግረው ይህን ነው፤ ከዕቃው በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ሳትገለብጡ አትደምስሱ። ልጆቹ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከሰዓት በኋላ ደብተሮቹን ሳይ ሁሉም ቡድን አራተኛ መስመር ጨምሯል፦ «ዳታው ተቀምጧል?»

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ የመጡት 15 ልጆች ብቻ ናቸው። የቡና ለቀማ ነው። የማና፣ የጎማና የሰቃ ወረዳ ልጆች ቤተሰብ ጋ ሄደዋል። ቀሪ ብዬ አልመዘገብኩባቸውም። የብዙዎቹ የትራንስፖርትና የቤት ኪራይ የሚወጣው ከዚያው ቡና ነው። የክፍሉን ግድግዳ ለካን፤ ትራንኪንጉ፣ ኬብሉን የሚሸፍነው ፕላስቲክ፣ የሚያልፍበትን መስመር በእርሳስ አሰመርን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ኬብል ላይ ተበላን።

ከገበያ የመጣው የኔትወርክ ኬብል ካርቶን «ካት 6፣ ንጹሕ መዳብ» ይላል። አንዷ ሰልጣኝ ሽቦውን ስትልጥ «ቲቸር፣ ይሄ በቀላሉ ይሰበራል» አለችኝ። በምላጭ ፋቅ አድርገን አየነው። ከላይ መዳብ፣ ከውስጥ ብርማ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ይህ ዓይነቱ ሽቦ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ከመዳብም ይልቅ የኤሌክትሪክን ፍሰት ያግዳል፤ ስለዚህ ለረጅም መስመር አይሆንም። ነጋዴው እሱም ሳያውቅ ይሆናል የሸጠልን። መለሰልን፤ ግን ሦስት ቀን ባከነ። ከዚህ በኋላ ለካርቶኑ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት አንድ ጫፍ እንፍቃለን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የቡና ልጆች ተመለሱ። ጣታቸው ከቡናው ጭማቂ የጠቆረ ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ ብለን ክሪምፐር፣ የኬብል ጫፍ መጨበጫውን ጉጠት፣ አስያዝናቸው።

በኬብሉ ጫፍ የስምንቱ ሽቦዎች ቅደም ተከተል ቢ በሚባለው ደረጃ ነው፦ ነጭ በብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡኒ፣ ቡኒ። ይህን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ችግሩ እጅ ላይ ነው። አብዛኛው ልጅ ለመደርደር እንዲመቸው ጥንዶቹን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ይፈታቸዋል። ሽቦዎቹ ተጠምዝዘው የተሠሩት የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው እንዳይገባ ነው። ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ መፈታት የለባቸውም። የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ነው።

ከሁሉ የበለጠችው ባለፈው ስለ ሽቦው የነገረችኝ ልጅ ናት። ቅዳሜና እሁድ ሹሩባ ትሠራለች። ጥንዶቹን ስትፈታ አየኋት። ከጫፉ ትንሽ ብቻ ትፈታለች። ስምንቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ጠፍጣፋ አድርጋ ትጨብጣለች። ግራ ቀኝ ወዝወዝ ታደርጋቸዋለች፤ እንደ ተበጠረ ፀጉር ቀጥ ይላሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ቆርጣ ታስገባለች። የኬብሉን የውጭ ልባስ ጭምር ወደ ኮኔክተሩ ውስጥ አስገብታ ነው የምትጨብጠው። ሲጎተት የሚሸከመው ልባሱ ነው፤ ሽቦው አይደለም። አሥር ጫፍ ሠራች። አሥሩም በቴስተሩ አለፉ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉን እሷ አስተማረች፤ እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ነበር የምታስረዳው። እኔ ስናገር ያልገባቸው በእሷ ገባቸው።

አርብ፣ ኅዳር 5

መብራት ሄደ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አልመጣም።

ሰብኔቲንግ፣ አንድን ኔትወርክ ወደ ትናንሽ ሰፈሮች መከፋፈልን፣ ለማስተማር ሳመነታ ሰንብቻለሁ። ሰሌዳ ላይ ያሉ ዜሮና አንዶች ሁልጊዜ ያስተኟቸዋል። ከጎማ የመጣው ልጅ ከቤቱ ጥሬ ቡና በላስቲክ ይዞ መጥቶ ነበር። «ቁጠር» አልኩት። 256 ፍሬ ቆጠረ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ይህ አንድ ሙሉ ኔትወርክ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ አድራሻ፣ ከ192.168.10.0 እስከ 192.168.10.255።

«አሁን ለአራት ክፍል አካፍሉ፤ ለሰልጣኞች፣ ለአሰልጣኞች፣ ለአስተዳደር፣ ለእንግዳ።» አራት ቁልል፣ እያንዳንዱ 64 ፍሬ። «ከየቁልሉ የመጀመሪያውን ፍሬ አንሱ፤ እሱ የሰፈሩ ስም ነው። የመጨረሻውንም አንሱ፤ እሱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጣራ ነው። ስንት ቀረ?» 62። ቁጥሩ ከ0 ስለሚጀምር በ64 ቁጥር ፍሬ ላይ ሁለተኛው ሰፈር ይጀምራል፣ በ128 ቁጥር ሦስተኛው፣ በ192 ቁጥር አራተኛው። አንዱ ልጅ ከሁለተኛው ቁልል አንድ ፍሬ አንስቶ «ይሄ 70 ቁጥር ከመጀመሪያው ሰፈር ልጅ ጋር መነጋገር ቢፈልግስ?» አለ። ሰፈሮቹን የሚያገናኘው ራውተር ለምን እንደሚያስፈልግ የጠየቀው እሱ ነው። እኔ አላነሳሁትም።

መብራቱ ሳይመጣ ቡናውን በከሰል ቆልተን ጠጣነው። አራቱም ሰፈር አንድ ላይ ተፈላ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኬብሉ ሁሉ ተዘረጋ። 17 መስመር፣ ረጅሙ 31 ሜትር። ገደቡ 100 ሜትር ስለሆነ ምንም ስጋት የለም። ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች አበራን። ለአሥር ደቂቃ ደስታ ነበር። ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። የስዊቹ መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

«ግማሹን ንቀሉ» አልኩ። ግማሹ ሲነቀል ተረጋጋ። ከተነቀለው ግማሽ ግማሹን መለሱ፤ አሁንም ሰላም። የቀሩትን አንድ በአንድ ሲመልሱ አንዱ ላይ መልሶ አበደ። አንድ ገመድ ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊቹ ላይ ተሰክቷል። አንድ መልእክት ገብቶ፣ ዞሮ፣ ራሱን እያባዛ ይመለሳል። ማን እንደሰካው አልጠየቅኩም። ምን እንደታየ ግን ሁሉም ጻፈ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

9 ቁጥር ኮምፒውተር እያስቸገረን ነው። 4 ጊጋባይት ፋይል ሌሎቹ ጋ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልፋል። 9 ቁጥር ጋ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ይሠራል፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ፍጥነቱን ስናይ 100 ሜጋቢት ነው የሚለው። ጎረቤቱ 1 ጊጋቢት ነው።

ልጆቹ የኔትወርክ ካርዱን እንቀይር አሉ። «ለምን?» አልኳቸው። መልስ አልነበራቸውም። መጀመሪያ የ9ን ገመድ ከ10 ጋር አለዋወጡ። ቀርፋፋነቱ ወደ 10 ሄደ። ስለዚህ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ገመዱን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ በቴስተር አዩት። ከ1 እስከ 8 ሁሉም በራ። ደህና ነው ይላል። እዚህ ላይ ሁሉም ተቀመጠ።

የሹሩባዋ ልጅ ደብተሯን መልሳ አነበበች። «ቲቸር፣ እዚያ ሲሰካ ከጠረጴዛው ጀርባ ታጥፎ ነው። እዚህ ግን ቀጥ ብሎ ነው የለካነው» አለች። ቴስተሩ እንደበራ ገመዱን ኮኔክተሩ ሥር አጠፈችው። የ4 ቁጥር ሽቦ መብራት ጠፋ። ስትለቀው በራ። አጠፈችው፤ ጠፋ።

100 ሜጋቢት የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ሽቦዎችን ብቻ ነው። 1 ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። 4 ቁጥር የሆነው ሰማያዊው ሽቦ ሲላቀቅ ማሽኑ ዝም ብሎ ወደ 100 ወረደ። ለዚያ ነው «የሚሠራው»። ጫፉ ተቆርጦ እንደገና ተጨበጠ። 52 ሰከንድ።

አርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም ከገባው የኅዳር በሽታ ጀምሮ በዚህ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ልጆቹም ክፍሉን ጠርገው የኬብል ቁርጥራጩንና የተሰባበረውን ቦርድ ወደ እሳቱ ሊወስዱ ሲሉ ደረስኩ። አስጣልኳቸው። የኬብሉ ፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው። የድሮ ቦርድ ብየዳ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት አለ። ቁርጥራጩ በካርቶን ታሽጎ መጋዘን ገባ። ወረቀቱና ቅጠሉ ነደደ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ከነገ ጀምሮ ስምንቱ ለትብብር ሥልጠና ወደ ከተማው ጥገና ቤቶች ይወጣሉ። ደብተራቸውን ይዘው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። አንዱ «ሱቁ ውስጥ እየጻፍን ብንዘገይ ይቆጡናል» አለ። ሌላው «መጀመሪያ ዳታውን ጠይቅ፣ ከዚያ ቶሎ ጻፍ» አለው። እኔ ከዚያ በላይ የምጨምረው አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ በጋሪ ሦስት ኮምፒውተር አስገፍተው መጡ። ከአስተዳደር ቢሮ ናቸው። እንደ በፊቱ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። በእትዬ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሲበራ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ውስጡ የደሞዝ ፋይል ስላለ እንዳይደመሰስ።»